ለፌስቲቫል የሚጫን ብረት ማቅለጫ እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው ምድጃዬ ግሩም ነበር። ሙቀት ይይዛል፣ አይሰነጠቅም፣ ግቢዬ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ አገለገለኝ። ፌስቲቫል ልወስደው ስል ግን አራት ሰው ሆነን ነው ያነሳነው። ሌሊቱን ዝናብ መታውና ጠዋት ላይ ውሃ ጠጥቶ አገኘነው። ቀስ በቀስ እሳት እያሳየን ስናደርቀው ቀኑ መሸ። የመጀመሪያውን አሉሚኒየም ስናፈስ ተመልካች ሆኖ የቀረን የድምፅ ማጉያ የሚፈታው ልጅ ብቻ ነበር።

ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ ምድጃና የሚጓዝ ምድጃ ይለያያሉ። የሚጓዘው ለሁለት ሰው መቅለል አለበት። ውሃ የሚጠጣ ነገር ይዞ መሄድ የለበትም። ሕዝቡ ሳይሰለች መሞቅ አለበት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ ከእነዚህ ሦስቱ የመጣ ነው።

ምን እናቅልጥ?

አሉሚኒየም። በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ በ700 እና በ750 መካከል ይፈስሳል። ነሐስ ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን ለማፍሰስ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ ክብደቱም ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሕዝብ ፊት የሚለመድበት ብረት አይደለም። ናስ ደግሞ ዚንክ አለበት። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ነጩን ጢስ የሳበ ሰው ማታውን በብርድና በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ያድራል። እርሳስን ልጆች ባሉበት ቦታ ጭራሽ አታስቡት።

ለማቅለጥ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያስበው የለስላሳ ጣሳ ነው። ጣሳ ስስ ስለሆነ ብዙው ተቃጥሎ ዝቃጭ ይሆናል። ቀድሞውኑ ቀልጦ ፈስሶ የተሠራ ነገር ይሻላል፦ አሮጌ ፒስተን፣ የሞተር ቴስታታ፣ የመኪና ቸርኬ። ውስጡ ያለው ሲሊከን ብረቱን እንደ ውሃ ያስኬደዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ አሉሚኒየም የሚመስል ማግኒዥየም ሊቀላቀል ይችላል። ከተጠራጠራችሁ በሞረድ ፋቅ አድርጉና ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ ማግኒዥየም ነው፣ አውጥታችሁ ጣሉት። እሱ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ አያጠፋውም፣ ጭራሽ ያብሰዋል።

ልኩ የሚጀምረው ከክሩሲብሉ ነው

ብረቱ የሚቀልጥበት ጽዋ ክሩሲብል ይባላል። ከሸክላና ከግራፋይት የተሠራውን ግዙ። አንድ ሊትር የሚይዝ ይበቃል። እስከ ሦስት ሩቡ ስትሞሉት 1.8 ኪሎ ገደማ የቀለጠ አሉሚኒየም ይይዛል። ትንሽ መስሎ ከታያችሁ ትንሽነቱ ነው ጥቅሙ። ቶሎ ይቀልጣል፣ ለአንድ ሰው እጅ አይከብድም፣ ቢደፋም ጉዳቱ ያንኑ ያህል ነው። ለፌስቲቫል በቀን አንድ ትልቅ ማፍሰስ ከማዘጋጀት ስምንት ትንንሽ ማፍሰስ ይሻላል። አርፍዶ የመጣም ያያል።

እንዲህ ያለ ክሩሲብል ሆዱ ላይ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። እሳቱ እንዲዞርበት ዙሪያውን 4 ሴንቲ ሜትር ስጡት። የምድጃው ውስጥ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የውጭው 30 ይመጣል። ይህ ባለ 20 ሊትር የብረት ባልዲ ልክ ነው፤ 35 ሴንቲ ሜትር ቁመትም አይጠፋበትም።

ምድጃውን መሥራት

1. ክዳን ያለው ተራ የብረት ባልዲ ፈልጉ። ዚንክ የተለበጠ ባይሆን ይመረጣል፣ በዚያው በጢሱ ምክንያት። ቀለም ካለው አስቀድማችሁ አቃጥሉት። የጋዝ ሲሊንደር ቆርጦ ምድጃ መሥራት የተለመደ ነው፤ ባዶ የተባለ ሲሊንደር ግራይንደር ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል፣ ስለዚህ እኔ አልመክርም።

2. ከባልዲው ወለል ከፍታ 8 ሴንቲ ሜትር ላይ ለበርነሩ (ጋዙን ለሚያነድደው ቱቦ) ቀዳዳ አውጡ። ቀዳዳው ቀጥታ ወደ መሃል አይይ። አዘንብሎ የውስጡን ግድግዳ ተከትሎ ይግባ፤ ነበልባሉ ክሩሲብሉን ሳይመታ እንደ አዙሪት ይዞረዋል። ክሩሲብልን አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚመታ እሳት እዚያው ቦታ ላይ ይበላዋል።

3. ወለሉ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሌላ ቀዳዳ ተዉ። ክሩሲብሉ ድንገት ቢሰነጠቅ ብረቱ ወደ በርነሩ ከሚሄድ በዚያ ይውጣ። ከሥሩ ደረቅ አሸዋ ይጠብቀዋል።

4. ሦስት እግር በየዱት፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በሁለት ጎኑ ከፌሮ የታጠፈ እጀታ በየዱ። እጀታው ከባልዲው ራቅ ይበል፣ አለበለዚያ እጅ ይጠብሳል።

5. ግድግዳውን አልብሱ።

አምስተኛው ላይ ቆም እንበል፤ የሚጓዝ ምድጃ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የድሮው ምድጃዬ የተለሰነው እሳት በሚችል ሲሚንቶ ነበር። የዚህን ባልዲ ግድግዳ ብቻ በዚያ ሲሚንቶ ብትለስኑት 27 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሴራሚክ ፋይበር ብታለብሱት ግን ከ2 ኪሎ አይበልጥም። ሴራሚክ ፋይበር እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ነው። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውንና 1,260 ዲግሪ የሚችለውን ግዙ። ሁለት ዙር ስታደርጉት 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው ጥቅሙ ሙቀቱን ራሱ ስለማይጠጣ ነው። ሲሚንቶው ብረቱ ሳይሞቅ በፊት ራሱ እስኪሞቅ ያስጠብቃችኋል፤ ፋይበሩ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል።

ችግሩ ብናኙ ነው። ሳንባ ውስጥ የሚቀር ደቃቅ ክር አለው፤ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከተመደቡት ነገሮች አንዱ ነው። ስትቆርጡት ውጭ ሁኑ፣ ፒ 100 ማጣሪያ ያለው ጭንብል አድርጉ፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሱ። በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ዓይነት ፋይበርም አለ፤ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ። ያም ሆነ ይህ ፋይበሩ ገላውን ተገልጦ ፌስቲቫል አይሄድም። መኪና ሲያንገጫግጨው ይረግፋል፣ እሳቱ ሲነፋበትም ብናኙን ወደ ሰው ይበትናል። ስለዚህ መጀመሪያ ማጠንከሪያ ፈሳሽ (ኮሎይዳል ሲሊካ) ርጩበትና አድርቁት። ከዚያ እሳት የሚችል ልስን ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቀቡት። ልስኑ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ቀጥሎ ትንሽ እሳት ለጥቂት ደቂቃ፣ ማጥፋት፣ ትንሽ ከፍ ያለ እሳት፣ ማጥፋት። ይህን ቤት ጨርሱ። ያልደረቀ ልስን በሰው ፊት ሲፈናጠር ማየት አትፈልጉም።

ክዳኑንም በዚሁ አኳኋን አልብሱት። መሃሉ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ይኑረው። ክዳኑ እንደ ሳጥን ተገልብጦ ባይከፈት ደስ ይለኛል፤ የጋለው ፊቱ ዞሮ ሰው ያያል። ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ጎን የሚሽከረከር አድርጉት። አንድ ቱቦ ጎኑ ላይ በይዶ ሌላ ቱቦ ውስጡ ማስገባት ብቻ ነው።

ወለሉ ላይ ከፋይበሩ በላይ ጠንካራ የእሳት ጡብ አስቀምጡ፤ ክሩሲብሉ የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው። በጡቡና በክሩሲብሉ መካከል ካርቶን ጣል አድርጉ። ካርቶኑ ይከስልና እንዳይጣበቁ ያደርጋል።

በርነሩ

ነፋሻ ማሽን የሌለው የፕሮፔን ጋዝ በርነር ይበቃል። ኤሌክትሪክ አትለምኑም፣ የምትሸከሙትም ይቀንሳል። 3/4 ኢንች የሆነ የብረት ቱቦ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። ኋላው ላይ ከ1 ተኩል ወደ 3/4 የሚያጠብ ማገናኛ ግጠሙ፤ አየር የሚገባበት አፍ እሱ ነው። በአፉ መሃል ጋዙን የሚረጭ ጠባብ ጫፍ ያስፈልጋል። ለሚግ ብየዳ የሚሸጠው ባለ 0.9 ሚሊ ሜትር የመዳብ ጫፍ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ዋናው ነገር መሃል ለመሃል መሆኑ ነው። ጋዙ ሽው ብሎ ሲያልፍ አየሩን እየጎተተ ይገባል። ጫፉ ትንሽ እንኳ ከዘመመ ነበልባሉ ቢጫና ሰነፍ ይሆናል።

የበርነሩ አፍ ምድጃው ውስጥ ብቅ አይበል፣ ከግድግዳው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይቅር። ብቅ ካለ ራሱ ይቀልጣል።

ከዚህ ወደ ኋላ ያለው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ በሩብ ዙር የሚዘጋ ቫልቭ፣ ለፕሮፔን የተሠራ ጎማ፣ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል መሣሪያ፣ እስከ 2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚስተካከል ሬጉሌተር፣ ሲሊንደር። የማዕድ ቤት ሬጉሌተር ለዚህ አይሆንም፣ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። ጎማውን በፋሸታ አጥብቁ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ፈትሹ። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቻለሁ። ቅንድብ አልነበረውም።

ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይሠራል። ቢተኛ ጋዝ ሳይሆን ፈሳሽ ይልካል። ብዙ ስትስቡበት ላዩ ላይ በረዶ ይጋግርና ግፊቱ ይወርዳል፤ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። እሳት አታሙቁት። ሁለት ሲሊንደር ይዛችሁ ሂዱና እየቀያየራችሁ ተጠቀሙ።

ክሩሲብሉንና ጉጠቱን ማላመድ

አዲስ ክሩሲብል እርጥበት ይስባል። የማዕድ ቤት ኦቨን ውስጥ በ150 ዲግሪ አንድ ሁለት ሰዓት አድርቁት። ከዚያ ባዶውን በማቅለጫ ምድጃው ቀስ እያላችሁ እስኪቀላ አግሉት፣ እዚያው ምድጃው ውስጥ ይቀዝቅዝ። ፌስቲቫሉ ቦታ ስትደርሱ በጣታችሁ ኳ አድርጉት። እንደ ደወል ከጮኸ ደህና ነው። ዱብ ካለ ተሰንጥቋል፤ አትጠቀሙበት። በጉዞ ወቅት ስፖንጅ ባለው ሣጥን ውስጥ ብቻውን ይቀመጥ፣ ከመሣሪያ ጋር አይጫን።

ጉጠቱን ከ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ሥሩ። ክሩሲብሉን ከአፉ አይያዝ፣ ከሆዱ በታች ይቀፈው። በየግላችሁ ክሩሲብል ልክ ሥሩት፣ ሁለት ክሩሲብል መንትያ አይሆንም። ከዚያ ተለማመዱ። 1.8 ኪሎ ደረቅ አሸዋ ሙሉበትና ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ አንሡ፣ ውሰዱ፣ አፍስሱ፣ መልሱ። ሃያ ጊዜ። ሰው ሲያይ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እግራችሁ የት እንደሚረግጥ ቀድሞ የለመደ ይሁን።

ሰዉ የሚጭርበት ሞልድ

ሰው ቆሞ ሌላው ሲያቀልጥ ማየት ያስደስተዋል። ራሱ የሠራው ነገር ሲፈስስ ግን ሌላ ነው። ለዚህ ጠንካራ የአሸዋ ብሎክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብረቱ የሚፈስስበት ቅርጽ፣ ማለትም ሞልዱ፣ እሱ ነው። ሰዉ በሚስማር ይጭርበታል፣ እናንተ ታፈሱበታላችሁ።

ደቃቅ ደረቅ የሲሊካ አሸዋ መዝኑ። በክብደቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ ሶዲየም ሲሊኬት (አሸዋውን የሚያጣብቅ ፈሳሽ) ጨምሩበትና በደንብ አሹት። ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያቃጥላል። አሸዋውን ጭንብል አድርጋችሁ ንኩት፣ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው። ከዚያ ከእንጨት በተሠራ ክፈፍ ውስጥ ጠቅጥቁት። ላዩ ላይ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 8 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው የሰሌዳ ጉድጓድ ተጭኖ ይውጣ። በቀጭን ሽቦ ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጉና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለጥቂት ሰከንድ ንፉበት። ዓይናችሁ እያየ ይደርቃል። ብዙ ከተነፋ ይፈረካከሳል፣ ስለዚህ ጠንከር ሲል አቁሙ። ከዚያ ሙቅ ቦታ አስቀምጣችሁ ቀሪ እርጥበቱን አውጡ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የሰሌዳው ይዘት 80 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 190 ግራም አሉሚኒየም ይፈልጋል። በአንድ ማቅለጥ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ይስተናገዳል። በቀን ስምንት ጊዜ ብታፈሱ 64 ብሎክ ማዘጋጀት አለባችሁ። መኪናው ላይ የሚከብደው ምድጃው ሳይሆን እነሱ እንደሚሆኑ ቀድሜ ልንገራችሁ።

ስም የሚጽፍ ሰው ፊደሉን ገልብጦ መጻፍ አለበት። ይህን ጮክ ብላችሁ ደጋግማችሁ ተናገሩ። ዐ እና ሠ ቢገለበጡም ያው ናቸው፤ ረ እና ደ ግን ሰው ያሳፍራሉ። መስታወት ብትይዙ ወረፋው ይፋጠናል።

እርጥብ አሸዋ ለምን አልመከርኩም? ቤት ውስጥ ከሸክላ አፈርና ከውሃ ጋር የሚታሸው አሸዋ ርካሽና ድንቅ ነው። ግን የውሃው ልክ እጅ ይፈልጋል። ፀሐይ ሲመታው ይረግፋል፣ ያንን ለማካካስ ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ብረቱን መልሶ ይተፋል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ከቀለጠ ብረት ሥር የተያዘ አንድ ጠብታ ብረቱን ፊታችሁ ላይ ይበትነዋል። ሕዝብ ፊት ደረቅ ነገር ብቻ።

ቦታው ላይ

አስቀድማችሁ አዘጋጆቹን ፈቃድ ጠይቁ፤ የእሳት አደጋ ደንባቸውን ተቀበሉ። ከድንኳን ሥር አታቅልጡ። ጉድጓድ ወይም ቦይ አጠገብም አይሆንም፤ ፕሮፔን ከአየር በአንድ ተኩል እጥፍ ስለሚከብድ የፈሰሰው እዚያ ይተኛል።

ኮንክሪት ላይ በቀጥታ አታፍስሱ። ውስጡ ያለው እርጥበት ይፈላና ድንጋዩን ይፈነቅለዋል። ላሜራ አንጥፉ፣ ጠርዙን በአንግል ብረት ክበቡ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ደረቅ አሸዋ ሙሉበት። ምድጃው፣ ሞልዶቹና በመካከላቸው የምትረግጡት መንገድ ሁሉ እዚህ ላይ ይሁን። አሸዋውን ክዳን ባለው ባልዲ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ የሚገኝ አሸዋ ሌሊቱን ጤዛ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሲሊንደሩን ከምድጃው 3 ሜትር አርቁ፣ ጎማው ሰው የማይረግጥበት በኩል ይሂድ። ሕዝቡን በገመድ ሳይሆን በአጥር 5 ሜትር አቁሙ። ገመድ ልጅ አያቆምም። አጥሩ ላይ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያዞረ አንድ ሰው ይቁም። ሥራው ማውራት፣ ማስረዳትና ማየት ነው። እሱ ሽንት ቤት ከሄደ ማቅለጥ ይቆማል።

ልብስ የጥጥ ወይም የሱፍ ይሁን፣ ፖሊስተር ሰውነት ላይ ይቀልጣል። የቆዳ ሽርጥ፣ የቆዳ ጓንት፣ የፊት መከለያ። ሱሪው ከጫማው ውጭ ይውረድ፣ ጫማው ውስጥ ተከትቶ ብረት እንዳይቀበል። ለድንኳንና ለጋዝ እሳት የዱቄት ማጥፊያ፣ ለብረት እሳት ደረቅ አሸዋና አካፋ አዘጋጁ። የውሃ ባልዲ አጠገባችሁ አይኑር።

ማፍሰስ

በርነሩን በዝቅተኛ ግፊት ለኩሱት። መጀመሪያ እሳት፣ ቀጥሎ ጋዝ። ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ ፊታችሁም ከቀዳዳው ይራቅ። ግድግዳው ሲቀላ ቀስ እያላችሁ እስከ 0.7 ባር ገደማ ከፍ አድርጉ።

ቁርጥራጩን ክሩሲብሉ ውስጥ አትጠቅጥቁ። ሲሞቅ ይለጠጥና ክሩሲብሉን ይሰነጥቀዋል። ከቀለጠ በኋላ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ቁራጭ በምድጃው ክዳን ላይ ሞቆ ይግባ። ማማሰያውና ዝቃጭ መጥረጊያው ማንኪያም እንዲሁ።

አሉሚኒየም በቀን ብርሃን አይቀላም። 720 ዲግሪ ላይም ብር መስሎ ነው የሚታየው። በዓይን አትገምቱ፣ ሙቀት የሚለካ ባለ ኬ ዓይነት ቴርሞኮፕል ግዙ። ከ750 በላይ ካሳለፋችሁት ሃይድሮጅን ይጠጣና ሰሌዳው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። አትበጥብጡት። ላዩን አንዴ ጥረጉ፣ ዝቃጩን ደረቅ የብረት ዕቃ ውስጥ አድርጉ፣ ጋዙን ዝጉ፣ አንሡ።

ስታፈሱ ክሩሲብሉን ወደ ሞልዱ ዝቅ አድርጉት። ከላይ የሚወርድ ረጅም ክር አየር እየያዘ ይገባል። ሳትቆራርጡ አንድ ሰሌዳ ሙሉ፣ ቀጥሉ። የተረፈውን በሞቀ ደረቅ የብረት ቅርጽ ውስጥ ገልብጡት፣ ክሩሲብል ውስጥ አታድርቁት።

የረጋው ሰሌዳ የሞቀ አይመስልም፤ ሰው ሁሉ እጁን የሚዘረጋውም ለዚህ ነው። ብሎኩን ሰብራችሁ በጉጠት አውጡት። ራቅ ብሎ በተቀመጠ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ከዚያ መጀመሪያ የራሳችሁ ሰው በባዶ እጁ ይያዘው፣ ቀጥሎ ለባለቤቱ ይሰጥ። እኛ ጋ ይህ የማይሻር ሕግ ነው።

ዝናብ ካካፋ ያለውን ቶሎ ወደ ደረቁ ቅርጽ አፍስሳችሁ አቁሙ። ሰዉ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም።

ስትጨርሱ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ ተቃጥሎ ይለቅ፣ ከዚያ ቫልቩን። ምድጃውን ክዳኑን ከፍታችሁ ተዉት። ሲሊንደሩ ቆሞና ታስሮ፣ ክፍት አየር በሚያገኝበት መኪና ይጫን። ዝቃጩና አሸዋው ውስጥ ሙቀት ተደብቆ ስለሚቆይ መጨረሻ ላይ ይነሡ። ምድጃው ደግሞ እጃችሁን ውስጡ አስገብታችሁ ጡቡን እስክትይዙት ድረስ መኪና ላይ አይወጣም።